ሎሚው ቢጫ፣ ቲማቲሙ ጥቁር፣ ጤና አዳሙ ግን ለምለም

የአንባቢ ደብዳቤ፦

ሰላም እትዬ፣ እንደምን አሉልኝ። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ነው። ከመስኮታችን ስር ሶስት በሁለት ሜትር የምትሆን ቦታ አለች፣ የብሎኩን ኮሚቴ አስፈቅደን አጥረናት አትክልት ጀመርኩ። ሰኔ ላይ የተከልኩት ቲማቲም ደስ እያለኝ አድጎ ነሀሴ ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቅጠሉም ግንዱም ጠቁሮ ፍሬው ሳይቀላ በሰበሰ። ሎሚዋ ሁለት አመቷ ነው፣ አዲስ የምታወጣው ቅጠል ሁሉ ቢጫ ነው፣ እናቴ አመድ ጨምሪላት ስላለችኝ በየሳምንቱ እጨምራለሁ፣ ውሃም በፈረቃ በመጣ ቁጥር ጠዋት ማታ አጠጣታለሁ ግን ባሰባት። ጎመኑን ደግሞ ግራጫ ዱቄት የመሰለ ነገር ወረረው፣ ጎረቤቴ በሃይላንድ አድርጎ የሰጠኝን መድሃኒት አንዴ ረጭቼው ነበር ጠፍቶ ተመልሶ መጣ። አሁን አምሮብኝ ያለው ደረጃው ስር ያለው ጤና አዳም ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ የውሃው ጎማ ስለማይደርስ አጠጥቼው አላውቅም። የአራት አመት ልጅ አለኝ፣ አብሮኝ ሲቆፍር ደስታው ልዩ ነው። ባለቤቴ ግን ሲሚንቶ እናድርገውና ይለቅልን እያለኝ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦

የኔ እናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስለ ሎሚውም ስለ ቲማቲሙም ከማውራቴ በፊት ግን ያቺ የሃይላንድ ጠርሙስ። ይሄን አንብበሽ ሳትጨርሺ ተነሺና የት እንዳለች እያት፣ ልጅሽ የማይደርስበት ቦታ አድርጊና ቆልፊባት፣ ላይዋ ላይ በትልቁ መርዝ ብለሽ ጻፊበት። የአራት አመት ልጅ ሃይላንድ ሲያይ የሚያስበው ውሃ ብቻ ነው፣ ውጪ ሲሯሯጥ ውሎ ጠምቶት ሲገባ ደግሞ ሽታውን እንኳን ሳይለይ ነው አፉ ላይ የሚያስጠጋው። ሽንት ቤትም ቱቦም ውስጥ እንዳትደፊው፣ ዞሮ ዞሮ ወንዝ ነው የሚገባው። ወረዳችሁ ያለውን የከተማ ግብርና ባለሙያ ይዘሽ ምን እንደሚደረግ ጠይቂ። ጎረቤትሽ በክፋት እንዳልሰጠሽ አውቃለሁ፣ ሰው እንደ ሽሮ እንደ በርበሬ ሲካፈለው አያለሁ፣ ግን ጸረ ተባይ ከራሱ ዕቃ ከወጣ በኋላ ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም፣ በስንት ሊትር ውሃ እንደሚበጠበጥ፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይበላ መቆየት እንዳለበት፣ ይሄ ሁሉ የተጻፈው ዕቃው ላይ ነው እኮ። ስለዚህ ያ የተረጨ ጎመን አይበላም። ነቅለሽ በፌስታል አስረሽ ጣዪው፣ በግ ላለውም ሰው አትስጪ። ልፋትሽ ስለሆነ ከልቤ አዝናለሁ፣ ግን እሱን ቀቅለሽ ለልጅሽ ስታጎርሺ ማሰብ አልፈልግም።

እሺ አሁን ወደ ግቢሽ እንምጣ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት፣ መልሱ ያለው ያ ጤና አዳም ላይ ነው። ሌላው ሁሉ ሲሞት እሱ ለምን አማረበት ብለሽ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ጤና አዳም በባህሪው ደረቅ ቦታ፣ ድንጋያማ ቦታ፣ ኖራ የበዛበት አፈር የሚወድ ተክል ነው፣ ውሃ ሲበዛበት ነው የሚሞተው። አንቺ ደግሞ ጎማው ስለማይደርስ ብቻ አላጠጣሽውም፣ አመዱም አልደረሰውም። ስለዚህ ሎሚና ቲማቲም ስትንከባከቢ የነበረው መሬት ለጤና አዳም የሚሆን መሬት ነው ማለት ነው፣ በዛ ላይ ውሃ እና አመድ ጨመርሽበት። ያላጠጣሽው ዳነ፣ ያጠጣሽው ታመመ። እኔ እንዲህ ነው ያነበብኩት።

አሁን ዶማ ይዘሽ ሎሚዋ አጠገብ፣ ስሯን ሳትነኪ ትንሽ ራቅ ብለሽ፣ አንድ ክንድ ያህል ቆፍሪ። ምን እንደምታገኚ ከወዲሁ የምነግርሽ ይመስለኛል ምክንያቱም እኔም አግኝቼዋለሁ። አሁን ያለሁበት ቤት ስንገባ ሁለት ሎሚ ተክዬ ነበር፣ ሁለቱም ልክ እንዳንቺ ቢጫ ሆኑብኝ፣ ፍግ ብል ውሃ ብል እምቢ አሉ፣ በመጨረሻ አንዷ ስትደርቅ ነቅዬ ስቆፍር ከላይ አንድ ስንዝር የማይሞላ ጥቁር አፈር፣ ከስሩ ግን የተሰባበረ ብሎኬት፣ የደረቀ ልስን፣ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀቱ እንደተጣጠፈ፣ ሚስማር ሁሉ ሳይቀር ነው የወጣው። የሎሚዋ ስር ፍርስራሹ ላይ ሲደርስ ልክ እንደ ክርን ታጥፎ ወደ ላይ ተመልሷል። ያንን ስር እጄ ላይ ይዤ ቆሜ ሁለት አመት ሙሉ ቅጠሏን ብቻ ሳይ እንደኖርኩ የገባኝ ያኔ ነው። ኮንዶሚኒየም ሲሰራ የተረፈው ብዙ ጊዜ እዛው ህንጻው ዙሪያ ነው የሚቀበረው፣ ከዛ ሰሌክት የሚሉት የመደልደያ አፈር ተደፍቶበት ይጠቀጠቃል፣ ከላይ ትንሽ አፈር ይበተንበታል አለቀ። አንቺ ያጠርሻት ሶስት በሁለትም ከዚህ የምትለይ አይመስለኝም።

ለማረጋገጥ የሚሆን ቀላል ነገር ልንገርሽ። ከቆፈርሽው ጉድጓድ መሃሉ አካባቢ አንድ ማንኪያ አፈር አውጥተሽ አድርቂው፣ ስኒ ማስቀመጫ ላይ አድርጊና አቼቶ ጠብ ጠብ አድርጊበት፣ ጆሮሽን ጠጋ አድርገሽ አዳምጪ። ችስስ ብሎ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት ማለት ነው፣ ሲሚንቶውና ልስኑ ነው እንደዛ የሚያደርገው። ልጅሽን ጥሪው ይሄን ሲያይ ደስ ይለዋል።

ኖራ ሲበዛ ሎሚዋ ላይ ምን ይሆናል መሰለሽ፣ አፈሩ ውስጥ ለቅጠል አረንጓዴነት የሚያስፈልገው ብረት እያለ በማይሟሟ መልክ ይያዝና ስሩ ሊመጠው አይችልም፣ እህል ሞልቶ በተቆለፈ ጎተራ አጠገብ እንደ መራብ በይው። ምልክቱን ቅጠሏን ቆርጠሽ ወደ ብርሃን አድርገሽ እይው፣ ጅማቶቹ አረንጓዴ እንደሆኑ መሃል መሃሉ ብቻ ቢጫ ከሆነና ነገሩ የሚጀምረው ከአዲሶቹ ቅጠሎች ከሆነ የብረት እጥረት ነው። አንቺም አዲስ የምታወጣው ነው ቢጫው ብለሻል። በተቃራኒው ቢጫው ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች የሚጀምርና ቅጠሉ እንዳለ የሚገረጣ ቢሆን ኖሮ የናይትሮጅን ጉዳይ ነው እልሽ ነበር፣ ያ በደንብ በበሰበሰ ፍግ ይስተካከላል።

እንግዲህ አመድ ደግሞ ራሱ እንደ ኖራ ነው የሚሰራው። በእናትሽ ግን እንዳትፈርጂ፣ እሳቸው ያደጉበት አፈር ምናልባት ቀዩ አፈር ይሆናል፣ በወለጋም በጎጃምም ዝናብ የበዛባቸው አካባቢዎች አፈሩ አሲዳማ እየሆነ ገበሬው ኖራ እየገዛ የሚበትንበት መሬት አለ፣ እዛ አመድ መድሃኒት ነው። ምክሩ ትክክል ነው ቦታው ነው የተለየው። አንቺ ከዛሬ ጀምሮ አመድ ሎሚዋ ስር እንዳታደርጊ። የልብስ እጣቢም ከሆነ የምታጠጫት ተዪው፣ ሳሙናውና ኦሞው አፈሩን ያበላሸዋል፣ የምስርና የሩዝ እጣቢ ግን ችግር የለውም። የቡና አተላ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል እሱንም ከኮምፖስት ጋር ቀላቅዪው እንጂ እንደ ኬክ አፈሩ ላይ አትለጥፊው፣ ሲደርቅ ይጠነክርና ውሃ አያሳልፍም።

ሎሚዋን እንደኔ ብትሆኚ ከዛ መሬት አወጣታለሁ። ሁለት አመቷ ስለሆነ ገና ትችላለች። አንድ በርሜል ለሁለት አስቆርጪ፣ የምግብ ዘይት ወይ ማር የነበረበት ይሁን ኬሚካል የነበረበትን እንዳትወስጂ፣ ቂጡን ቢያንስ ስድስት ሰባት ቦታ አስበሺውና ድንጋይ ላይ አስቀምጪው ውሃው እንዲወርድ። ሁለት እጅ ጥሩ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት ወይ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ። ጠዋት ወይ አመሻሽ ላይ ከነአፈሯ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለሽ አውጥተሽ አዙሪያት፣ ግንዷን ልክ በነበረበት ከፍታ ትከዪው እንጂ ወደ ውስጥ አትቅበሪው ይበሰብሳል። ከተዛወረች በኋላ ጥቂት ቅጠል ብታረግፍ አትደንግጪ። ቅጠል ላይ የሚረጭ የብረት ማዳበሪያ የግብርና ዕቃ የሚሸጡበት ካገኘሽ በመመሪያው መሰረት ስጪያት ቶሎ ያነሳታል፣ ግን አፈሩ ሳይቀየር እሱ ብቻውን ለጊዜው ነው። የቢጫው ቅጠል ተመልሶ ላይለመልም ይችላል አንቺ ማየት ያለብሽ አዲስ የሚወጣውን ነው።

ውሃው። በፈረቃ ውሃ የሚጠብቅ ሰው ውሃ ሲመጣ ሁሉን ነገር መሙላት እንደሚወድ አውቃለሁ፣ ሮቶውን ሞልቶ ባልዲውን ሞልቶ ድስቱን ሞልቶ ሳያስበው አትክልቱንም ይሞላዋል፣ ነገ ባይመጣስ እያለ። ግን ስር ይተነፍሳል፣ አፈሩ ሁልጊዜ ውሃ ከተኛበት አየር ያጣና ይበሰብሳል፣ የበሰበሰ ስር ደግሞ ውሃ መጠጣት ስለማይችል ከላይ ሲታይ ተክሉ የጠማው ይመስላል፣ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ አንቺም ጠማው ብለሽ ትጨምሪለታለሽ፣ አለቀ። ስለዚህ ከማጠጣትሽ በፊት ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቢው። እርጥብ ከሆነና አፈር ጣትሽ ላይ ከተጣበቀ አታጠጪ፣ ደረቅ ከሆነ አጠጪ፣ ስታጠጪ ደግሞ በደንብ ወደ ስሩ አርጊው እንጂ በየቀኑ ላይ ላዩን አትርጪ። እስካሁን በጣም ብዙ ሰው ጽፎልኛል ቤት ውስጥም ግቢ ውስጥም ተክል ሞተብን ብሎ፣ በውሃ ጥም የሞተው ጥቂት ነው አብዛኛው በውሃ ብዛት ነው።

ወደ ቲማቲሙ። እሱን ያገኘው ምች የሚባለው የተክል በሽታ ነው፣ ድንችን የሚመታው ራሱ ምች፣ በሳይንስ ስሙ ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ የሚባለው። በፈረንጆቹ በ1845 አየርላንድ ውስጥ ድንቹን ጨርሶ ያን ሁሉ ህዝብ በረሃብ የፈጀው እሱ ነው፣ ስለዚህ በአንድ ሳምንት ውስጥ አለቀብኝ ማለትሽ አይገርመኝም። ብርድና እርጥበት አንድ ላይ ሲያገኝ ነው የሚነሳው፣ የአዲስ አበባ ሐምሌና ነሀሴ ደግሞ ልክ ለሱ የተሰራ ነው፣ ቅጠሉ ቀን ሌሊት ሳይደርቅ ይውላል ያድራል፣ ጸሀይ የለም። ጠዋት ጠዋት የጠቆረውን ቅጠል ገልብጠሽ አይተሽው ቢሆን ኖሮ ጠርዙ ላይ ነጭ ሻጋታ የመሰለ ስስ ነገር ታዪ ነበር። የደጋ ገበሬ ብዙው ድንቹን በበልግና በመስኖ የሚያደርገው ይሄን ምች ሽሽት ነው፣ የክረምቱን የሚደፍር ደግሞ መድሃኒት እየረጨ ነው። አንድ ጊዜ ከያዘው ምንም ብትረጪ የጠቆረው አይመለስም። ስለዚህ አንቺ ያጠፋሽው ወሩን እንጂ እንክብካቤውን አይደለም፣ ጎበዝ ነሽ እስከ ነሀሴ ማድረስሽ ራሱ።

አሁን ጥቅምት ነው። የቀረውን የቲማቲም ግንድና ፍሬ በሙሉ ለቅመሽ አውጪው፣ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሪው፣ መሬት ውስጥ የተረሳ ድንች ካለ እሱንም ፈልጊና አውጪ ምክንያቱም ይሄ ምች በህይወት ባለ ድንች ውስጥ ነው ተደብቆ የሚከርመው። ዝናቡ አቆመ ብለሽ ግን ዛሬ ቲማቲም እንዳትተክዪ፣ የህዳርና የታህሳስ ሌሊት ብርዱ ቲማቲም አይወድለትም፣ ቢያብብም አበባው ይረግፋል፣ ውርጭ የሚወርድበት ሰፈር ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ያቃጥለዋል። ዘሩን ጥር መጀመሪያ ላይ በእርጎ ኩባያ ቂጡን በስተሽ መስኮት ላይ ዝሪው፣ ከአምስት ስድስት ሳምንት በኋላ የካቲት ላይ ሌሊቱ ሞቅ ሲል ወደ ውጪ አውጪው፣ ዋናው ክረምት ሳይገባ ለቅመሽ ትጨርሻለሽ። ፀሀይ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ትፈልጋለች ቲማቲም፣ እና የህንጻው ጥላ መቼ እንደሚመጣ አንድ እሁድ ቁጭ ብለሽ ቁጠሪው። እንጨት አቁመሽ እሰሪያት፣ ውሃውን ስሯ ላይ እንጂ ቅጠሏ ላይ አታፍስሺ፣ የታችኞቹን መሬት የሚነኩ ቅጠሎች ቁረጫቸው። ፍሬው ከቂጡ ጠቁሮ እንደ ቆዳ ደረቅ ካለ ደግሞ ያ ምች አይደለም ሌላ ነገር ነው፣ አንድ ሳምንት ድርቅ አንድ ቀን ጎርፍ ሲሆንባት ካልሲየሙ ወደ ፍሬው መድረስ ሲያቅተው የሚመጣ ነው፣ በፈረቃ የምናጠጣ ሰዎች በብዛት ይገጥመናል፣ መፍትሄው ከሮቶው እየቀዱ በልክ በልኩ ማጠጣትና አፈሩን በደረቅ ሳር መሸፈን ነው።

እስከዛው መሬቱ ባዶ አይሁን። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ስር ብርዱን ይችሉታል። ግን ያንን ፍርስራሽ ላይ አትድከሚ፣ ሁሉን ልቆፍር ብትዪ ወገብሽ ነው የሚጎዳው፣ ከላይ ከፍ ያለ መደብ ስሪበት፣ በጣውላ ወይ በድንጋይ ዙሪያውን ወደ አርባ ሳንቲ ከፍ አድርገሽ ከሎሚዋ አፈር ጋር አንድ አይነት ቅልቅል ሙዪው። ሶስት በሁለቱን ሙሉ በአንዴ አይደለም፣ አንድ ሜትር በሁለት ጀምሪ፣ ያ ራሱ የጆንያ ብዛት ነው የሚበላው። ካሮት ግን ከመደቡ ውጪ ባለው መሬት በዚህ አመት ተዪው፣ ስሩ ፍርስራሹ ጋ ሲደርስ ለሁለት ይሰነጠቃል። የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ከ2015 ወዲህ እኔ ያለሁበት ሰፈር ኮንዶሚኒየሙ ሁሉ ጎመን ተክሏል፣ ደስ ይላል፣ አፈሩን ግን የሚነግራቸው ሰው የለም፣ ለዛ ነው ይሄን ያስረዘምኩት።

ጎመኑ ላይ የነበረው ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል የሚመጥ ትንሽ ተባይ ነው፣ ግራጫ ዱቄት ያስመሰለው ሰውነቱ ላይ ያለው ሰም ነገር ነው። አዲስ ጎመን ስትተክዪ በሳምንት ሁለቴ ቅጠሉን ገልብጠሽ እይ፣ የሚጀምረው ከስር ከጅማቱ አጠገብና መሃል ካለው ለጋ ቅጠል ነው፣ አምስት ስድስት ሲሆኑ በጣትሽ ደፍጥጠሽ ትጨርሻቸዋለሽ፣ መቶ ሲሆኑ ነው መድሃኒት የሚያስፈልግሽ። ከበዛ በጣም የተወረረውን ቅጠል ቆርጠሽ ጣዪ፣ የቀረውን በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠሽ አመሻሽ ላይ ከስር በኩል እርጪው፣ መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሪና አንድ ቀን ጠብቂ አለመቃጠሉን፣ በነጋታው በውሃ እጠቢው። ሰሙ ስላለበት ውሃ ብቻውን ይንከባለላል ሳሙናው ነው የሚያረጥበው። ዩሪያ ከሚጨምሩ ሰዎች ከሆንሽ ቀንሺ፣ ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠሉ ለጋ ይሆንና ክሽክሹን ይጠራዋል። ደግሞ ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ትንሽ ጥንዚዛ ካየሽ እንዳትነኪያት፣ ልጇንም ጭምር፣ ልጇ እናቷን አትመስልም፣ ጥቁር ሆና ብርቱካናማ ነጥብ ያለባት ትንሽ አዞ ነው የምትመስለው፣ ብዙ ሰው ተባይ መስላው ይገድላታል፣ እሷ እኮ ክሽክሹን ለቅማ የምትበላልሽ ናት። መድሃኒቱን ከረጨሽ በኋላ ክሽክሹ ተመልሶ የመጣው ምናልባት እነሱንም ስለጨረስሻቸው ይሆናል፣ ክሽክሽ ቶሎ ይራባል እነሱ ግን ይዘገያሉ።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ሲሚንቶ ማድረግ ማለት የተቀበረ ሲሚንቶ ላይ ሲሚንቶ መጨመር ነው። አንድ ወቅት ስጡኝ በዪው፣ እስከ ግንቦት። መደቡን አብራችሁ ስሩት፣ ጣውላውን እሱ ይቁረጥ አንቺና ልጁ አፈሩን ሙሉት።

አንድ ነገር ረስቼ፣ ያ ጤና አዳም ደረጃው ስር ነው ብለሻል፣ ልጆች የሚጫወቱበት ከሆነ ጭማቂው ቆዳቸውን ነክቶ ጸሀይ ሲመታው እንደ እሳት ቃጠሎ ውሃ ቋጥሮ ሊያቆስላቸው ይችላል፣ በተለይ ቅጠሉን እየቆረጡ እያሹ ሲጫወቱበት። አንቺም ስትገርዢው እጅጌ ያለው ልብስ ልበሺ ወይ ጸሀይ ሳትወጣ ቁረጪው፣ ከነካሽም ወዲያው በሳሙና ታጠቢ። እሱን ከቦታው አትንቀዪው፣ በሽቦ ብቻ ከለል አድርጊለት፣ ውሃም አሁንም አትስጪው። የአቼቶው ውጤት ምን እንደሆነ ጻፊልኝ፣ አረፋ ካላወጣ ሌላ ነገር ነው የምንፈልገው፣ የቅጠሉን ፎቶ ከላይም ከስርም አንስተሽ አብረሽ ላኪልኝ።